ጠመንጃውን ያዥልኝ

በደርግ ጊዜ ነው። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ እኔ ግን ሹልክ ብዬ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ወዳለችው ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ሄጃለሁ። ከቅዳሴ በፊት ለኑዛዜ ተሰልፈን ሳለ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባና ከኋላዬ ቆመ። ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራው ሰው ነው። በቃ፣ ሊወስደኝ ነው የመጣው አልኩ። ተራዬ ሲደርስ ወደ መናዘዣው አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

"እህቴ፣ ተራሽን ልቀቂልኝ" አለኝ ቀስ ብሎ። ገለል ስልለት ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና "ይዤው አልገባም፤ ያዥልኝ" ብሎ አሸከመኝ።

ነጠላዬን ጣል አድርጌበት ቆምኩ። በሩ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን ደግሜ እስብበታለሁ። ጓደኞቹ ቢመጡ ምን ልላቸው ነው? ሰውየው ቆየ፤ በጣም ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ጠመንጃውን ተቀበለኝና ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ።

እኔም ገብቼ ተንበረከክኩ። "አባ፣ ይፍቱኝ" አልኩ። ደግሜ አልኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እባክሽ ትንሽ ታገሺኝ።"