ካሴቱን የገለበጥኩ ዕለት

አዲስ ካሴት ዲላ ሲገባ እኔን ቀድሞ የሚሰማ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አዲሱ ካሴት ከጎረቤቴ ከአስቴር ቤት ሰፈሩን ሲያናውጥ ሰማሁ። አስቴር ጴንጤ ናት፤ ደርግ ጸሎት ቤታቸውን ዘግቶባቸው እንኳ «ዘፈን ኃጢአት ነው» እያለች ትቆጣኝ ነበር። «አሁን ኃጢአቱ ጣፈጣት!» ብዬ አጥሩን ተጠግቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። የካሴቱ አንዱ ፊት አልቆ ቀጥ ሲል የብዙ ሰው ጸሎትና ልቅሶ ተሰማኝ። ዞር ስል አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ ወደ እኛ ይመጣል። ሮጬ አስቴር ቤት ገባሁ። ሁሉም ተንበርክከው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ካሴቱ ማለቁን ማን ልብ ብሎ! ገልብጬ ለቀቅኩትና በሩ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ የምን ስብሰባ ነው?» አለኝ።

«የምን ስብሰባ አመጣህ! አዲሱ ካሴት ነው። እስካሁን አልሰማኸውም? ወይ ኋላ ቀር!»

«ሰምቼዋለሁ እንጂ!» አለና አፍሮ ሄደ።

ጸሎቱ ሲያበቃ አስቴር ላብ በላብ ሆና ወጣች። «እህቴ፣ ለሚቀጥለው አንቺ ምረጪልን፤ እኛ ዘፈን አናውቅም» አለችኝ።

ያን ሁሉ የጓጓሁለትን ዘፈን በር ላይ ቆሜ አንድ ቃል አልሰማሁትም። የሰማሁትን ጸሎት ደግሞ፣ ወሬ የማላሳድረው እኔ እንኳ፣ ደርግ እስኪወድቅ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።