ከነላስቲካቸው

ይቀመጡ እትዬ፣ እዚህ ከኔ ጎን። ያቺኛዋ ወንበር እግሯ ይወላገዳል፤ ባለፈው ስብሰባ ዳቦ ጋጋሪው ከነሙሉ ክብሩ ወድቆባታል። ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ልጅዎ ዘንድ መክረሙ ተስማምቶዎታል መሰለኝ፣ ፊትዎ ወዝ አውጥቷል። እኛማ ይኸው… እጄን ይዩት። የልብስ ሰፊ እጅ ይመስላል? ሐር ጨርቅ ስይዝ መዳፌ ክሩን እየመዘዘ ደንበኞቼ አትንኪብን እያሉኝ ነው።

ጫካው ነዋ! ከሕንጻው ጀርባ ያለው ጫካችን። እርስዎ ሲሄዱ ታችኛው ተዳፋት ቆሻሻ መጣያ ነበር አይደል? ያን ሁሉ እኛ የሰፈር ሴቶች ነን ያወጣነው። ፍራሽ አወጣን። የተሰባበረ መስኮት አወጣን። አንድ የመታጠቢያ ገንዳ… ሮዝ። ለስድስት ተሸክመን። በዚህ ሰፈር ሮዝ መታጠቢያ ቤት የነበረው ማን ነው ብላ ፋርማሲስቷ ብትጠይቀኝ፣ ተይ አልኳት፤ ቤቱን ያሳደሰ ሰው አንድ ብቻ ነው እንዴ?

አንድ ብቻ ነው ለካ።

ኧረ ወደ ፊት ጠረጴዛው አይመልከቱ እትዬ! ወደኔ ይዩ። ስም ምን ያደርጋል? አንድ ሰው አሉን እንበል። ጫካውን እንደራሳቸው ግቢ የሚወዱ። እውነቴን ነው፣ ልክ እንደራሳቸው ግቢ።

ችግኙን ያስመጡልን እሳቸው ናቸው፣ ይህን መካድ ነውር ነው። ችግኙን በአንድ መኪና፣ ፎቶ አንሺውን በሌላ። ነጭ ጫማ አድርገው መጡ። ጫማው ነጭ እንደሆነ ተመለሰ፤ ጭቃ ውስጥ እንዲህ መሥራት ቀላል ነገር ይመስልዎታል? እኛ ላይኛው ተዳፋት ላይ ጎንበስ ብለን፣ የእያንዳንዱን ችግኝ ላስቲክ እየቀደድን፣ ሥሩን በጣታችን እያፍታታን ገና የመጀመሪያውን መስመር ስንጀምር፣ እሳቸውና የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች ታችኛውን ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ጨርሰው! ምን ዓይነት መዳፍ ነው አልን። ተባርኮ የተሰጠ ነው አልን። ፋርማሲስቷማ አለቀሰች፤ ስሜታዊ ናት።

ከዚያ በጋው መጣ። ጀሪካን ተሸክመን፣ ላይኛውንም ታችኛውንም፣ ጠዋት ጠዋት… እሳቸው አልመጡም። ለምን ይምጡ? ሁሉም ሰው እኩል ቢደክም ማን ያመሰግነናል? አንድ ቀን ብቻ ከሰገነታቸው ሆነው እጃቸውን አውለበለቡልን። በፒጃማ ነበሩ። እንደዚያ ቀለል ያሉ ሰው ናቸው።

ላይኛው ለመለመ። ታችኛው ደረቀ። አንድም ሳይቀር። ያው አፈር፣ ያው ውሃ፣ ያው የኛ ወገብ።

ታዲያ ማን ነው ቀድሞ የደረሰልን? እሳቸው! ቆመው አዩና፣ አፈሩ ሞቷል አሉ። እንዲያው በዓይን። ጎንበስ እንኳ ሳይሉ። ሐኪሞቻችን እንዲህ ቢሆኑ ስንት ወረፋ በቀረልን! ሞቶ የቆመ መሬት ደግሞ ምን ይሠራል? ለነዋሪው ጥቅም ይዋል፣ መኪና ማቆሚያ ይሁን። ዛሬ የተሰበሰብነው ለዚህ ነው እትዬ። እጅ ከወጣ ሰኞ ዶዘር ይገባል አሉ። ታችኛው ከተደለደለ ላይኛው የሚይዘው አጥቶ በጎርፍ ተንሸራቶ ነው የሚሄደው፣ ግን ይሁን… ለነዋሪው። መኪና ያለው ነዋሪ እኮ ብዙ ነው። ይቁጠሩ እስቲ። እኔ አለኝ? እርስዎ? ዳቦ ጋጋሪው ብስክሌት አለው። እሷን እዚያ ያቆማታላ! ያቺ አዲሷ ትልቋ መኪና ደግሞ መንገድ ዳር ስታድር የሰው አንጀት ትበላለች፣ ባለቤቷ ማን እንደሆነ እንጃ እንጂ።

እና ትናንት፣ ለአፈሩ ቀብር ልድረስ ብዬ ወረድኩ። ለመሰናበት። አንዱን ደረቅ ችግኝ ሳብ ባደርገው፣ ሳይታገለኝ መጣ። ሙሉውን። እንደ ቡሽ።

ይቆዩ፣ ቦርሳዬን ልክፈት። ይኸው ችግኙ፣ እንዲህ በጭንዎ ይያዙት። አይ፣ ቀሚስዎ አይቆሽሽም! አንዲት ብናኝ አትወጣም፣ ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሏል እኮ። አዩ ላስቲኩን? ዳር ላይ አንዲት ቅዳድ ፈልገው ያግኙልኝ። ሥሩን በላስቲኩ ውስጥ ይዩት፣ መውጫ ሲያጣ እንዴት ዞሮ ዞሮ ራሱን አንቆታል። ሌሎቹንም ነቀልኩ። ሁሉም እንዲህ ናቸው፣ ከነልብሳቸው የገቡ። በጋውን ሙሉ ስናጠጣ የኖርነው ላስቲክ ነው።

መቀሴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ልቅደደው ብዬ ነበር። ተውኩት። የሰው ሥራ ለምን አበላሻለሁ? በፎቶው ላይ እንዳለ ይቆይ።

አሁን ለዳቦ ጋጋሪው ያቀብሉት። እንካ ወንድሜ፣ ወደ ፊት አስተላልፈው። ቀስ… ሁሉም ይየው። ለፋርማሲስቷ ስጣት። አንቺ ደግሞ አታልቅሺ፣ ጠረጴዛው ላይ አድርሺልን። ከቃለ ጉባኤው ነጭ ወረቀት አጠገብ። አዎ፣ እዚያ፣ ከፊታቸው።

አዩአቸው እትዬ? ጉሮሯቸውን ጠረጉ… ስብሰባውን ሊከፍቱልን ነው። ውሃ ስጧቸው እንጂ!

እኔማ ሳልመርቃቸው አያስችለኝም። ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ብርድ አይግባቸው፣ ክፉ አይንካቸው። ለጫካችን እንዳሰቡለት ይታሰብላቸው። ችግኞቻችንን እንደተከሉልን እሳቸውንም እንዲያው ሙቅ አድርጎ፣ ከነመጠቅለያቸው፣ አፈር እንኳ ሳይነካቸው ተክሎ ያኑርልን። ውሃውን እኛ እናመላልስላቸዋለን።