ደወል የሰማ ቦክሰኛ

ከላንግሊ ፓርክ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚሄደው ባስ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። አጠገባቸው አማርኛ የሚሰማ ሰው ያለ አልመሰላቸውም።

«የኮሪያው ፊልም እንዴት ነበር?»

«ጡረታ የወጣ ቦክሰኛ አሰልጣኝ ይሆናል። ደወል በሰማ ቁጥር ብድግ ብሎ ቡጢ ይሰነዝራል። ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ።»

«ባልሽስ፣ ያንቺ ቦክሰኛ?»

«እሱ አልሳቀም። ትናንት ማይክሮዌቩ ሲጮህ እሱም ቡጢውን ጨብጦ ብድግ አለ።»

«እየቀለደ ነዋ!»

«እኔም መስሎኝ ሳቅኩ። ጠጋ ስለው ግን አላወቀኝም፣ እህቴ።»

«ዶክተር ጋ ውሰጂዋ!»

«አፖይንትመንቱን ሁለቴ ካንስል አደረገው። የሚያሰለጥናቸው ልጆች ወላጆች እንዳይሰሙ ፈርቶ ነው። ዛሬ ግን እየወሰድኩት ነው።»

«ታዲያ ዛሬ እንዴት እሺ አለሽ?»

«ገበያ እንሂድ ብዬው ነው። ቀስ በይ፣ ያው ከፊት ተቀምጧል።»

መውረጃዬ ደርሶ፣ ሹፌሩ እንዲያቆም ደወሉን ልደውል ገመዱን ይዤ ነበር፤ ቀስ ብዬ ለቀቅኩትና ፌርማታዬን አለፍኩ።