አልፈርምም ላለው ባልደረባችን

እንደምን አመሻችሁ። ከሁላችሁም በፊት እዚህ ምርጫ መሥሪያ ቤት የገባሁት እኔ ስለሆንኩ፣ በዚህ የጡረታ ሽኝት ላይ ለመናገር ቅድሚያው የእኔ ነው።

ይህ ሰው የመጣ ዕለት ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ጥበቃው የቧንቧ ሠራተኛ መስሎት፣ "ቶሎ በል፣ ውኃው ኮሪደሩን ሊሞላው ነው" ብሎ መጸዳጃ ቤት አስገባው። እሱም ጠግኖ ወጣና እጁን እየጠረገ፣ "አዲሱ የጥናት ባለሙያ ነኝ" አለኝ።

"ምነው እንዲህ ጨቀየህ?" ስለው፣ "የማጠናውን የምርጫ ክልል በእግሬ ሳላየው ወንበር ላይ መቀመጥ አሳፈረኝ" አለ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አልሰጠንም። አብረነው መንገድ ከወጣን፣ "ይህ ፎቅ በጠዋት ይመርጣል፤ ያ የሱቅ መደዳ ገበያው ሲቀዘቅዝ ነው የሚመጣው" ይለናል። በገዛ ልጁ ሠርግ እንኳ አዳራሹን ሲቃኝ ቆይቶ፣ "የሙሽራው ወገን በግራ በኩል አብላጫ አለው" አለኝ። ባለቤቱ ሰምታ፣ "እባክህ ለዛሬ አባት ሁን" አለችው። ራሱ ማንን እንደሚመርጥ ግን እሷም አታውቅም፤ ጠይቄያታለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ካለው ሰፈር ድምፅ የሚሰጠው ጥቂት ሰው ነበር። የጥናታችን ረቂቅ "ነዋሪዎቹ የመምረጥ ፍላጎት የላቸውም" አለ፤ ምርጫ ጣቢያቸውም ሊዘጋ ሆነ። እሱ፣ "አልፈርምም" አለ። ሄዶ በፋብሪካ ከሚሠሩት የሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር የፋብሪካውን ሰርቪስ ተሳፈረ። ለካስ ሰርቪሱ ሰፈራቸው የሚያደርሳቸው ጣቢያው በሩን ከዘጋ በኋላ ነው።

አለቃችን፣ "ለአንድ ሰፈር ተብሎ ሰዓት አይለወጥም" አሉት።

"እንግዲያስ 'የዘጋንባቸው እኛ ነን' ተብሎ ይጻፍ" አላቸው።

አለቃችን አሁን ይሥቃሉ እንጂ ያን ቀን አልሣቁም። ሰዓቱ ግን ተራዘመ። በቀጣዩ ምርጫ የሥራ ልብሱን ያላወለቀ ሰው ሰልፍ እስከ ዳቦ ቤቱ ጥግ ደረሰ።

ወንድሜ፣ "እኔ ከወጣሁ ማን ያስታውሳቸዋል" እያልክ እንቅልፍ ማጣትህን ባለቤትህ ነግራኛለች። እንግዲህ ስማኝ። በዚህ ሳምንት ወጪ ለመቆጠብ የምሽቱን ሰዓት የሚያስቀር ሐሳብ መጥቶ ነበር። ወንበርህን የምትረከበው ልጅ ማንም ሳያዛት ሰርቪሱን ተሳፍራ ሄደች፤ ተመልሳም እንደማትፈርም ተናገረች። አለቃችን ራሳቸውን ይዘው፣ "ራሱን የመሰለ ሌላ አንድ ተክቶልኝ ሊሄድ ነው" አሉና ሐሳቡን ሰረዙት።

ስለዚህ ተኛ። ከአንተ ጋር መሥራት አድክሞኛል፤ አንድም ቀን ግን አልቆጨኝም። እናመሰግንሃለን።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ፤ ለጤናው፣ ቤቱን ለሚሞሉት የልጅ ልጆች፣ መራጩ ከሥራ እስኪገባ ለሚጠብቀው በር።