የታችኛው አዳራሽ ፒያኖ

በጥር መጀመሪያ ላይ በባልካን ተራራ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁኔታ ይህ ነበር። ፒያኖ አራት፤ የታችኛው አዳራሽ የበር ቁልፍ ዐሥር፤ ከዐሥሩ ስድስቱ የትምህርት ቤቱ ባልሆኑ ሰዎች ኪስ ውስጥ። ከውጭ እየመጡ በአዳራሹ የሚለማመዱት ሦስት ቡድኖች ናቸው፤ ማን መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ የሚያሳይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ግን የለም። የአዳራሹ ፒያኖ ቅኝቱ ወርዷል። ከሰማንያ ስምንቱ ጥርሶቹ ዘጠኙ ሲጫኗቸው ተቀብረው ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ ቆጥራ የመዘገበችው ወጣቷ የፒያኖ መምህርት ቢስትራ ናት። የመምህራን ጉባኤ ዓርብ ይቀመጣል፤ አብዛኞቹ መምህራንም «በሩ ለውጭ ሰው ይዘጋ» ባዮች ናቸው። ቢስትራ ግን በሩ ሳይዘጋ ፒያኖውን የሚያድን ደንብ ለማጸደቅ ቆርጣለች። ቡድኖቹ ካልተቀበሉት ደንቡ ባዶ ወረቀት ነው። ቡድኖቹ ደግሞ የሚሰሙት አንድ ሰው ብቻ ነው።

እኚህን ሰው ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰልፈው አገኘቻቸው። ኔዴልቾ ይባላሉ፤ ድሮ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ፤ አሁን የጡረተኛ ባቡር ሠራተኞች የኅብረት መዝሙር ቡድን መሪ ናቸው።

«ጋሽ ኔዴልቾ፣ ለአዳራሹ ፒያኖ ደንብ ልናወጣ ነው፤ ከውጭ መጥቶ ለሚጠቀም ሁሉ።»

«ከውጭ!» አሉና ወደ ዳቦ ሻጯ ዞሩ። «ሰማሽ? ሠላሳ ዓመት በዘፈንኩበት ቤት ዛሬ የውጭ ሰው ሆንኩ። ነገ ፓስፖርት ይጠይቁኛል።»

«ፓስፖርቱን ይተዉትና ዳቦዎን ይውሰዱ፤ ሰልፉ ቆመ» አለች ሻጯ። ሰዉ ሳቀ።

መንገድ ላይ ግን ሽማግሌው አልሳቁም። «ልጄ፣ እንግዳ ፊት ደንብ መለጠፍ ‘አላምንህም’ ማለት እኮ ነው።»

«ጋሼ፣ ጣቢያ ሳሉ አንዱ ነጂ ባቡሩን ለሌላው ሲያስረክብ አይፈራረሙም ነበር?»

«እንዴታ!»

«ስለማይተማመኑ ነው?»

«እሱ ባቡር ነው፣ ሰው ይፈጃል። ፒያኖ ማንን ገደለ?»

ሰው በሥራው የለመደውን ጥንቃቄ ከሥራው ውጭ ሲጠይቁት እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ቢስትራም ክርክሩን ትታ «እስቲ አብረን እንየው» አለች።

«ምኑን ነው የማየው? ፒያኖውን የገደለው የእናንተ ማሞቂያ ነው። እንጨቱን አደረቀው። እኔ ባልደርስለት ይሄኔ ተሰንጥቆ ነበር።»

አዳራሹ ሲደርሱ ቢስትራ ተንበረከከችና የፒያኖውን የታችኛውን ክዳን አነሣች። ውስጡ አንድ ባዶ ጠርሙስ በጎኑ ተጋድሟል። የወለሉ ጣውላ አብጧል፤ የእግር መርገጫዎቹ ብረት ዝጓል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ወረቀት «የቀይ ቃሪያ ድልህ» ይላል።

ኔዴልቾ መነጽራቸውን አደረጉ። «የባለቤቴ ጽሕፈት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ብርዱ ሲገባ ውሃ ሞልቼ አስቀምጥለታለሁ፣ እንዳይደርቅ። አባቴም ቤት ውስጥ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ግን ጠርሙሱን ቀጥ አድርጌ አቁሜ ነው የተውኩት!»

«ማክሰኞ ማክሰኞ የጭፈራው ቡድን ሰዎች ቦታ እንዲሰፋቸው ወደ ግድግዳው ይገፉታል። ውሃው ሲደፋ እርጥበቱ ወደ ላይ ወጣ፤ የጥርሶቹም እንጨት አበጠ።»

«ሳያዩ ይገፋሉ? ደንቆሮዎች!»

«ውሃ እንዳለበት ማን ነገራቸው? ለእኔስ ማን ነገረኝ? እኔም ብሆን ክዳኑን የከፈትኩት ገና ትናንት ነው።»

በዚህ ታሪክ ክፉ ሰው የለም። አንዱ ለፒያኖው አስቦ ውሃ አኖረ፣ ሌላው ቦታ ጠቦት ገፋ፣ ሦስተኛዋ ሳትከፍት ቆየች። የጎዳው አንዱ የሠራውን ሌላው አለማወቁ ነው።

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የደንቡን ወረቀት አምጪው።»

ጮክ ብለው አነበቡት። ፒያኖው ከቦታው አይነቃነቅም። በላዩም ሆነ በውስጡ ምንም አይቀመጥም፤ የክፍሉን እርጥበት ትምህርት ቤቱ በመለኪያ ይከታተላል። እያንዳንዱ ቡድን የበሩን ቁልፍ ከትምህርት ቤቱ ወስዶ ይመልሳል፤ ሲገባና ሲወጣም ፒያኖውን አይቶ ይፈርማል። ብልሽት በዕለቱ ይመዘገባል፤ ያስመዘገበ አይቀጣም።

«ይቺ የመጨረሻዋ ደህና ናት» አሉ። «ጣቢያ ላይ ጥፋት የሚደበቀው ቅጣት ሲፈራ ነው። ግን አንድ ነገር ጎድሏል፤ መምህራኑም ይፈርሙ። እኛ ብቻ ከፈረምን ስድብ ነው፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ቢስትራ እዚያው በእስክሪብቶ ጨመረችበት።

«ስድስቱም የበር ቁልፎች ነገ እጅሽ ይገባሉ። ጨፋሪዎቹን ለእኔ ተዪልኝ፤ መጮሃቸው አይቀርም።»

ዓርብ ከመምህራኑ አንዳንዶቹ «እኛ ደግሞ ለምን እንፈርማለን?» ብለው አጉረመረሙ። ቁልፎቹ መመለሳቸውና ቡድኖቹ መስማማታቸው ሲታይ ግን ደንቡ በሰባት ድምፅ ለአራት አለፈ፤ በሩም አልተዘጋም። ፒያኖው በየካቲት ተጠግኖ ተቃኘ። ከዚያ ወዲህ ብልሽት የሚነገረው በስማ በለው ሳይሆን በቀን በቀኑ በጽሑፍ ሆነ፤ ቃኚውም ሲመጣ የት ቦታ እንደሚጀምር ያውቃል። ጥፋተኛ ፍለጋ የሚባክነው ሰዓትም ለልምምድ ተረፈ።

በሰኔ መጨረሻ መዝገቡ ሲዘጋ የውጭ ቡድኖቹ የፈረሙባቸው ልምምዶች ሰማንያ ሦስት ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ በፒያኖው ብልሽት የተሰረዘው አንድ ነው።