አጥንት ሲገነባ ያዩት የወይዘሮ አቤና ታቺዋ ዜና ሕይወት

ነጭና ጥቁር ለብሳችሁ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ዕድሜ የጠገቡ እናት ናቸውና፣ እያነበብኩ ፈገግ ብል እኔን የእህታቸውን ልጅ ይቅር በሉኝ።

ወይዘሮ አቤና ታቺዋ በጋና፣ በኩማሲ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በኤጂሱ፣ ከካካዎ ገበሬ አባታቸውና ዓሣ አጭሰው ከሚሸጡ እናታቸው ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነገርን ሁለት ጊዜ ሳያዩ የማያምኑ ስለነበሩ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ጨቅጫቃ ይላቸው ነበር።

በኩማሲ የላቦራቶሪ ሳይንስ ተምረው ሆስፒታል ከተቀጠሩ በኋላ፣ አጥንት ሲገነባ ወደ ደም የሚገባውን ምልክት ሰጪ ንጥረ ነገር የሚለካውን ክፍል አቋቋሙ። ከደሙ የተለየው ፈሳሽ በትንንሽ ጉድጓዶች በተሞላ ሳህን ላይ ይጨመራል፣ ሳህኑ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ምልክቱን ለቅሞ ይይዛል፣ ቀለሙም በስተመጨረሻ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው በደመቀ ቁጥር ብዙ አጥንት እየተሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ የደም ናሙናው የሚቀመጥበትን ማቀዝቀዣ ማንም እንዳይከፍት በሩ ላይ ወንበር አስጠግተው ይቀመጡ ነበር።

አንድ ጊዜ ታዲያ ከጡት ካንሰር የዳኑት እንደ ቦዬ ያለውን ሥራ ሥር፣ ያምን፣ የሚሸጡት ወይዘሮ ፖኩዋ ለክትትል ደም ሰጥተው ውጤቱ እጅግ ከፍ አለ። ሐኪሙ በሽታው አጥንት ገብቷል ብሎ ሰጋ፤ ልጆቻቸውም ማልቀስ ጀመሩ። ወይዘሮ አቤና ምርመራውን ደገሙት፣ ያው ሆነ። ይህን ጊዜ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ገበያ ወረዱ፤ ሴትዮዋንም በአንድ እጃቸው ብቻ ያም ሲያነሡ አገኟቸው።

«እማማ፣ ክንድዎን ምን ነካው?»

«ኧረ ተዪኝ ልጄ! ከጭነት መኪና ወድቄ ተሰብሮ ኳሲ ወጌሻ ነው የጠገነኝ።»

«ታዲያ ለሐኪሙ አይነግሩትም?»

«ወጌሻ ጋ ሄድኩ ብዬ? ያ ቁጡ በጩኸቱ ሌላውን ክንዴን ይስበረዋ!»

የሚጠገን አጥንት ምልክቱን ለወራት ከፍ ያደርገዋል። በራጅና በሌሎች ምርመራዎች ሲታይም ከሚድነው ስብራት በቀር ምንም አልተገኘም፤ ልቅሶው ወደ ጭፈራ ተለወጠ።

ወይዘሮ አቤናን ግን ይህ አልበቃቸውም፤ በሽተኞችህ ለምን ይደብቃሉ ብለው ወጌሻውን አቶ ኳሲ ባዱን ሊወቅሱ ሄደው፣ ታጭተው ተመለሱ። ዘመድ የተማረች ልጅ እንዴት ወጌሻ ታገባለች ብሎ ቢያጉረመርምም፣ ሠርጉን የያም ነጋዴዎቹ አደመቁት። ከዚያ ወዲህ አቶ ኳሲ የጠገኑትን ሁሉ «ሆስፒታል ስትሄድ ተጠግኛለሁ በል፣ አለዚያ ሚስቴ ቤት አታስገባኝም» እያሉ ይሸኙ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ወይዘሮ አቤና መታጠቢያ ቤት ተንሸራትተው ዳሌያቸው ሲሰበር፣ ጎረቤት ሁሉ የአቶ ኳሲን እጅ ተመለከተ። እርሳቸው ግን አቅፈው ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ቀዶ ሕክምናውም ተሳካ። ሕመምተኛዋ ከአልጋቸው ሆነው የራሳቸው ደም በገዛ ክፍላቸው እንዲመረመር አዘዙ፤ ዳሩ ግን ውጤቱ ሳይደርስ የሳንባ ምች ቀደመና በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ኳሲ፣ ልጆቻቸው አፍራኮማና ኦቢሪ፣ ሰባት የልጅ ልጆችና በክፍላቸው ያሠለጠኗቸው የማይቆጠሩ ተማሪዎች ቀርተዋል። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷ ትናንት ውጤቱን ይዛ መጣች፤ ቢጫው ደማቅ ነበር፣ አጥንታቸው እየገጠመ ነበር። አቶ ኳሲም ሰምተው እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና «እኔስ አውቃታለሁ፣ ሥራ ላይ እያለች ነው የሄደችው» አሉ።

አምላክ ሆይ፣ ነፍሳቸውን በዕረፍትህ ተቀበል፤ ለእኛም መጽናናቱን ስጠን። አሜን።