ባሬላውን ከኋላ የያዘ

ከቀየት ከተማ በተሳፈርኩባት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ቄስ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ሴት ምን እንደምትሠራ ጠየቋት።

«ግንባታ ላይ ነኝ፣ አባ። ከወንዙ ድንጋይ በባሬላ እናወጣለን።»

«ባሬላ ለሁለት አይደል? ከማን ጋር ነሽ?»

«ከባለቤቴ ጋር። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።»

«ክፍያችሁስ እኩል ነው?»

«የእኔ በቀን በመቶ ብር ያንሳል።»

«በአንድ ባሬላ?»

«በአንድ ባሬላ። አሠሪው ‹የሴት ሒሳብ እንደዚህ ነው› ይላል።»

«ቆይ እስቲ፤ መንገዱ ሜዳ ነው ዳገት?»

«ዳገት ነው፣ አባ።»

«እንግዲያ ሸክሙ የሚያርፈው ከኋላ በያዘው ላይ ነዋ!»

«ይህንኑ ለአሠሪው ስነግረው ሳቀብኝ።»

«ባልሽስ ዝም አለ?»

«ከፊት ሆኖ የኋላውን በምን ይወቀው? ትናንት ግን ቦታ ተቀያየርን።»

«እሺ?»

«ምሳ ሳይደርስ ባሬላውን አስቀመጠና ራሱ ሄዶ ‹ለእሷም እኩል ክፈላት› አለው።»

«አሠሪው ምን አለ?»

«‹እስከ ሰኞ ላስብበት› አለ።»

«እስከ ሰኞ ከኋላ የሚይዘው ማነው?»

«ባለቤቴ ነዋ!»

ቤቴን ሳሠራ ባሬላውን ከኋላ ማን ይዞ እንደነበር ላስታውስ ብሞክር፣ አንድም ፊት አልመጣልኝም።